ፒዲኤፉን ተዉትና ዋናውን ፋይል አምጡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የመጡት ጥያቄዎች ተመካክረው የተላኩ ይመስላሉ። ከመሐል ሜዳም፣ ከደብረ ብርሃንም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢትም የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተር ላይ ያማረው ጽሑፍ ስልክ ላይ ሲከፈት ለምን አይነበብም? እኔም ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ጠዋት ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ስልኩ አልታዘዝ ሲለኝ፣ ያቺን ጉንዳን የምታህል ፊደል በሁለት ጣት ለመለጠጥ ስታገል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚህ ሰጠሁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሐል ሜዳ የማስተምር መምህርት ነኝ። በክረምት ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ሞጁሎቹ የሚላኩልን በቴሌግራም ነው፣ ሁሉም ፒዲኤፍ ናቸው። ላፕቶፕ የለኝም። በስልኬ ሳነብ ፊደሉ ያንሳል። ሳሳድገው ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ ገፍቼ አንብቤ ወደ ግራ ስመለስ የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። አንዱ ሞጁል 160 ገጽ ነው። ዓይኔ አለቀ እኮ። ለስልክ እንዲሆን አድርጎ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የዓይንሽም የስልክሽም እንዳልሆነ ልንገርሽ። ፒዲኤፍ አዶቤ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የፋይል ዓይነት ነው፣ የታሰበውም ለወረቀት ነው። አንድ ገጽ የትም ኮምፒውተር ላይ ቢከፈት፣ በየትኛውም ፕሪንተር ቢታተም፣ ቅንጣት ሳይዛነፍ እንዲወጣ። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው "ይህ አንቀጽ ነው" የሚል ነገር አይደለም። "ይህቺን ፊደል ከግራ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ርቀት ላይ አስቀምጣት" የሚል ትእዛዝ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ስልክሽ 7 ሴንቲ ቢሆን ነው። ሦስት እጥፍ የሚሰፋው ገጽ እዚያ ሲገባ ወይ ይኮማተራል ወይ ይተርፋል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ የሕፃን አልጋ ላይ እንደማንጠፍ በይው።

ስልክ የሚፈልገው እንደ ውኃ የሚፈስ ጽሑፍ ነው። ፊደሉን ስታሳድጊው መስመሩ ራሱ አጥሮ የተረፈው ቃል ወደ ታች የሚወርድ። ጽሑፍ የሚተየብበት የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል እንዲህ ነው። ኢፐብ የሚባለውም እንዲሁ። ኢፐብ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የመጽሐፍ ፋይል ነው፣ ውስጡን ቢፈቱት እንደ ድረ ገጽ የተጻፈ ጽሑፍ ታሽጎ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ አፍ ማውጣት ብቻ ነው። ሞጁሉን የላከውን ሰው "ወርዱ ካለ እባክዎ እሱን ይላኩልኝ" በይው። ሞጁል ፒዲኤፍ ሆኖ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ወርድ ላይ ጽፎታል። የወርዱ ፋይል ከተገኘ ችግርሽ አለቀ ማለት ነው። ሪድኢራ የሚባለውን አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርጂ፣ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ወርዱንም፣ ፒዲኤፉንም፣ ኢፐቡንም ይከፍታል። በወርዱና በኢፐቡ የፊደሉን መጠን እንደፈለግሽ ታሳድጊዋለሽ፣ ጀርባውን ማታ ማታ ጥቁር ታደርጊዋለሽ፣ ያቆምሽበትንም ያስታውስልሻል።

ወርዱ አልተገኘም እንበል። ያኔ ፒዲኤፉን ፈትኚው። አንድ ቃል ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ያዢ። ቃሉ ቀለም ከለበሰ ውስጡ እውነተኛ ጽሑፍ አለ። ምንም ካልሆነ ገጹ ፎቶ ነው፣ የፎቶውን ነገር ከታች ለአንኮበሩ ዲያቆን ስመልስ አንብቢው።

ጽሑፍ ካለው ኮምፒውተር ያለው ባልደረባ ፈልጊ። ካሊበር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፒዲኤፉን ታስገቢያለሽ፣ "ኮንቨርት ቡክስ" የሚለውን ትነኪያለሽ፣ መውጫውን ኢፐብ ታደርጊያለሽ። እሺ ከማለትሽ በፊት ግን "ሂዩሪስቲክ ፕሮሰሲንግ" የሚለው ውስጥ ገብተሽ ምልክት አድርጊበት። ፒዲኤፍ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ነው የሚያውቀው፣ ይህ ምልክት ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ በየመስመሩ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። በዚያም ላይ ፍጹም አይሆንም። በየገጹ አናት ያለው የሞጁሉ ስምና ከታች ያለው የገጽ ቁጥር ዓረፍተ ነገር መሀል ገብተው ታገኛቸዋለሽ። ጽሑፉ "ሕዋስ" ብሎ ሲጀምር "47" ይገባና "ማለት" ብሎ ይቀጥላል። ይለመዳል።

አንድ የማይለመድ ነገር ግን አለ። ሞጁሉ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ከሆነ አትቀይሪው። ክፍልፋዩ ይፈርሳል፣ ከላይ የነበረው ቁጥር ከታች ካለው ጎን ይሰለፋል፣ ስኩዌሩ ተራ 2 ይሆናል። እሱን በፒዲኤፍነቱ ተዪውና ሪድኢራ ላይ የገጹን ነጭ ጠርዝ የሚቆርጠውን ምርጫ ተጠቀሚ፣ ከዚያ ስልኩን አጋድመሽ ያዢ። ጠርዙ ሲሄድና ስልኩ ሲጋደም ፊደሉ ሁለት እጥፍ ያህል ያድጋል። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ነው የሚማረረው።

እግረ መንገዴን ለምታስተምሪያቸው ልጆች ኖት የምታዘጋጂ ከሆነ አንድ ልምምጥ አለኝ። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንብ በወርድ ተጽፎ ለሁላችንም ተላከ። ዋናው ፋይል ነውና ደስ አለኝ። ስከፍተው አንዱ መስመር ረጅም፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል ብቻ፣ እንደገና ረጅም፣ እንደገና ሁለት ቃል። የጻፈው ልጅ እንደ ታይፕራይተር በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር መትቷል። ርእሱንም መሀል ለማድረግ ስፔስ ሃያ ጊዜ ተጭኗል፣ ስልክ ላይ ርእሱ ተሰንጥቆ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ሆነ። አራት ነጥቡን ደግሞ ከቃሉ አርቆ ነው የጻፈው፣ "ይከፍላል" ካለ በኋላ አራት ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። የሌሊት ዘበኛ ይመስላል። ኢንተር የሚመታው አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ ነው። ርእስ መሀል የሚሆነው በመሀል ማድረጊያው ቁልፍ ነው። አራት ነጥብ ከቃሉ ተጣብቆ ይጻፋል። ርእሶቹን "ሄዲንግ 1" ብለሽ ምልክት ካደረግሽባቸው ደግሞ ኢፐቡ ላይ ማውጫ ሆነው ይመጣሉ፣ ልጁ ምዕራፍ 4ን ሲፈልግ ሙሉውን ገልብጦ አይደክምም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ጽፌ ለኃላፊዬ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። እሳቸው ስልካቸው ላይ ሲከፍቱት ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የማይገባ ምልክት ይሆናል። "ቻይንኛ ነው እንዴ የላክሽልኝ?" አሉኝ በስብሰባ ፊት። አፈርኩ።

መልስ፦ አይዞሽ፣ በዚህ ያላፈረ ጸሐፊ የለም። የጻፍሽበት ፎንት የድሮ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለየራሳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር የሰጠ መዝገብ ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር "ሀ" የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የፎንት ሠሪዎቻችን ታዲያ ምን አደረጉ? የላቲኑን ፊደል የአማርኛ ጭንብል አጠለቁለት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው። ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላይ ሲደርስ ጭንብሉ ይወልቅና እውነተኛው ፊት ይታያል። የኃላፊሽ ቻይንኛ እሱ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን የደለደለው በራሱ መንገድ ስለነበር የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ፎንት አይነበብም።

የአንቺ ፋይል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ መስመር ምረጪና ፎንቱን ኤሪያል አድርጊው። አማርኛነቱ ካልጠፋ ዩኒኮድ ነው። ወደ ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮ ነው። ወዲያው ኮንትሮል ዜድ ብለሽ መልሺው፣ እንዳትደነግጪ።

ለዛሬው ደብዳቤ ቀላሉ መፍትሔ ከዚያው ከኮምፒውተርሽ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚሄድ ስልክ ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል። አዎ፣ ፒዲኤፉን ተዉት ያልኩት እኔው ነኝ። ባለአንድ ገጽ ደብዳቤ ግን ሌላ ነው፣ ማኅተሙና ፊርማው በቦታው መቆየት አለበት። ቃለ ጉባኤው ረዘም ካለ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ከመላክሽ በፊት "ሌይአውት" ውስጥ "ሳይዝ" የሚለውን ነክተሽ ወረቀቱን ኤ6 አድርጊው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ስፋቱን 10.5፣ ቁመቱን 14.8 ሴንቲ ብለሽ በእጅሽ ጻፊ። ጠርዙን በአራቱም በኩል ግማሽ ሴንቲ፣ ፊደሉን 14 ወይም 16 አድርጊ። ጽሑፉን በሁለቱም ጎን አታስተካክይው፣ በግራ ብቻ ይሰለፍ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ ጠባብ ገጽ ላይ በሁለቱም ጎን ካስተካከልሽው በቃላቱ መሀል መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ። ኃላፊሽ ሳይለጥጡ ሳይገፉ ያነቡታል።

ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ ተሻገሪ። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመደ እጅ ካለሽ እሱ ራሱ የዩኒኮድ ፎንት አለው፣ ስሙ ላይ "ዩኒኮድ" የሚለውን ምረጪ። ኪይማን የሚባለው ሌላው መጻፊያም ነጻ ነው። ለዓመታት የተከማቸውን የድሮ ፋይል የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ለአንቺው ፎንት የተሠራውን መያዝ ግድ ነው። አንድ ገጽ ቀይረሽ መጀመሪያ እነ ኳ፣ ጓ፣ ኋ፣ ቧ ላይ ዓይንሽን ጣይ። የሚሳሳተው እዚያ ነው። ስም ላይ ከተሳሳተ ደግሞ የደመወዝ ጣጣ ያመጣል።

ብዙ ሰው "ፋይል በነጻ እንቀይራለን" ወደሚሉ ድረ ገጾች ይሮጣል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እዚያ አታስገቢ። ፋይሉን ለማታውቂው ሰው ኮምፒውተር አስረከብሽ ማለት ነው። በዚያም ላይ የድሮውን ፎንት አያውቁትም፣ ቻይንኛውን ነው ቀይረው የሚመልሱልሽ።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፣ ከአንኮበር። የኔታ ያላቸውን የድጓ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ስካን አስደርገን አንድ ፒዲኤፍ አደረግነው። ፋይሉ 180 ሜጋ ባይት ሆነ፣ ስልኬ ሲከፍተው ይንቀራፈፋል። ፊደሉም አይታይም። ወደ ጽሑፍ መቀየር ይቻላል የሚሉን አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሌላ መጽሐፍ ቢሆን አዎ እልህ ነበር። ፎቶን አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም አለ፣ ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ነው፣ አማርኛም ያነባል። በማተሚያ ቤት የታተመ ጥርት ያለ ገጽ ከሆነ ጥሩ ይሞክራል። ለ እና ሉን፣ በ እና ቡን እያምታታ ስለሚጽፍ ግን ቁጭ ብሎ ማረም አለ።

ድጓ ግን ሌላ ነው። ከፊደሉ በላይ የዜማው ምልክት አለ። ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ድፋቱ፣ ርክርኩ። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፣ ወይ ጭረት ነው ብሎ ይጥለዋል ወይ ከፊደሉ ጋር አጣብቆ ሌላ ፊደል ያደርገዋል። ምልክት የሌለው ድጓ ደግሞ ለየኔታ ምናቸው ነው? ስለዚህ ፎቶነቱን አትንኩት፣ ፎቶውን አስተካክሉት።

ስካኑ ላይ ሁለት ገጽ ባንዴ ተነሥቶ ከሆነ መጀመሪያ ለሁለት ቁረጡት። ቀጥሎ ነጩን ጠርዝ፣ የጠረጴዛውን ጥግ፣ የያዘውን ሰው አውራ ጣት ሁሉ ቆርጣችሁ ጣሉ። ፋይሉን የሚያከብደው አንዱ ይኸው ነው። ለማቅለል ብላችሁ ጥቁርና ነጭ እንዳታደርጉት። ቀዩ ቀለም ይጠፋል ወይ ከጥቁሩ ጋር አንድ ይሆናል፣ መጽሐፉ ላይ ቀዩ ሥራ አለው። ቀለሙን ጠብቃችሁ የስካኑ ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል፣ 600 ከሆነ ነው የሚንቀራፈፈው። አንድ ትልቅ ፋይል ከማድረግም በየክፍሉ ብትከፋፍሉት ስልኩ ይተነፍሳል፣ ዮሐንሱ ለብቻ፣ አስተምህሮው ለብቻ፣ ጾመ ድጓው ለብቻ። በቴሌግራም ስትላላኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፣ በፎቶ ከሆነ ይጨመቅና መጀመሪያ የሚጠፋው ያቺ ቀጭኗ ምልክት ናት።

ምልክት የሌለውን ተራ ስካን ለስልክ ለማድረግ የምትፈልጉ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ ኬ2ፒዲኤፍኦፒቲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ስሙ አያስጠጋም። ሥራው ግን ይገርማል። የገጹን ፎቶ ቃል በቃል በመቀስ እንደሚቆርጥ ሰው ይቆራርጥና በጠባብ ገጽ ላይ መልሶ ይደረድረዋል። ፊደሉን ስለማያነበው ፊደል አያምታታም፣ የሚያየው ክፍተቱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የልማት ሠራተኛ ነኝ። የማሾ አምራች ገበሬዎች መዝገብ በኤክሴል አለኝ፣ 14 ዓምድ ነው። መስክ ላይ ሆኜ በስልክ ልየው ስል የገበሬው ስም ግራ ቀርቶ ቁጥሩ ቀኝ ይሄዳል፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። ፒዲኤፍ ባደርገው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም፣ ይብሳል። 14ቱንም ዓምድ አንድ ገጽ ላይ አስገባ ስትለው እሺ ይላል፣ የሚያሳይህ ግን የጤፍ ፍሬ ነው። ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ ደግሞ እሱም አይታይ። በኤክሴልነቱ ያዘው። ኮምፒውተሩ ላይ ሳለህ ከስሙ ዓምድ በስተቀኝ፣ ከላይኛው ረድፍ በታች ያለችውን የመጀመሪያ ሳጥን ነክተህ "ቪው" ውስጥ ግባና "ፍሪዝ ፔንስ" በለው፣ የስሙ ዓምድና የላይኛው ረድፍ ተቸንክረው ይቀራሉ፣ ሌላው ብቻ ይንሸራተታል። ስልኩ ላይ የኤክሴልን ወይ የጎግል ሺትስን አፕ ጫን፣ ችንካሩን ሁለቱም ያከብሩታል። መስክ ላይ የማትፈልጋቸውን ዓምዶች ደብቃቸው። የገበሬውን የአያት ስም ማሳ ዳር ቆመህ ምን ያደርግልሃል?

ለማንበብ ብቻ ከሆነ የበለጠ የሚያምረው ሜል መርጅ ነው፣ ወርድ ውስጥ "ሜይሊንግስ" ላይ ታገኘዋለህ። ሠንጠረዡን ያነብና ለየአንዳንዱ ገበሬ አንድ አጭር ካርድ ይጽፍልሃል። ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳ ስፋት፣ የዘር መጠን፣ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ። ያንን ሪድኢራ ላይ ከፍተህ ስሙን ፈልግ ስትለው ያመጣልሃል።

ጥያቄ፦ ከዓለም ከተማ። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ የነበረው መጽሐፌ ያኔ አይከፈትም።

መልስ፦ ስላላወረድከው ነው። ፋይሉን አይተኸዋል እንጂ ስልክህ ላይ የለም። ኔትወርክ ሲኖር አንዴ ንካው፣ ወርዶ ሲያልቅ ሦስቷን ነጥብ ነክተህ "ዳውንሎድስ" ውስጥ አስቀምጥ። ቴሌግራም ቦታ ለመቆጠብ የድሮ ፋይል በራሱ ሊያጠፋ ስለሚችል እዚያው ብቻ አትተወው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። የምወደውን ደራሲ መጽሐፍ ስካን አድርጌ ኢፐብ ሠርቼ ቻናሌ ላይ ልለቀው ነው። ጥራቱን እንዴት ላሳምረው?

መልስ፦ አልነግርህም። ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ የእሱና የወራሾቹ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ ተጽፏል። የምትወደው ከሆነ ግዛለት።

ጥያቄ፦ ከሞላሌ። አባባ ያላቸው ባለቁልፍ ስልክ ነው፣ ሜሞሪ ካርድ ይይዛል። ዓይናቸውም ደክሟል። ታሪክ ግን ይወዳሉ። መጽሐፍ ላስገባላቸው የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ጽሑፍ አይሆንም፣ ስክሪኑም አይበቃ ዓይናቸውም። አንቺው አንብቢላቸውና ቅጂው። በስልክሽ የድምፅ መቅጃ ቅጂ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ኤምፒ3 አድርገሽ ሜሞሪው ላይ ጫኚው፣ ያ ስልክ ሌላውን ዓይነት ላይከፍት ይችላል። አንድ ረጅም ፋይል ግን አታድርጊው። እንዲህ ዓይነት ስልክ ብዙውን ጊዜ ያቆመበትን አያስታውስም፣ አባባ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢነቁ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምርባቸው። አሥር አሥር ደቂቃ አድርገሽ ቁረጪውና ስሙን 01፣ 02፣ 03 እያልሽ ስጪው። 1፣ 2፣ 3 ካልሽው 10ኛው ከ1ኛው ቀጥሎ ይመጣል፣ ንጉሡ ሳይነግሥ ይሞትባቸዋል።